የውስኪ ሌብል የሚያነብልኝ ሰው አለ? የሌላ አገር መጠጥም ጨምሩበት

ለገጣፎ_ዳር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ሰዎች። ከወንድሜ ጋር ለገጣፎ መውጫ አካባቢ ትንሽ ባርና ሬስቶራንት ከፍተናል። ጥብሱ ይሸጣል፣ ድራፍቱም ይሄዳል። ያስቸገረን የመጠጥ መደርደሪያው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ከውጭ የተመለሰ ሰው በዝቷል፣ ከሚጠይቁን ግማሹን አናውቀውም። ባለፈው አንዱ "ሲንግል ሞልት አላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። አስተናጋጇ "እሱማ ሞልቶ!" አለችና ሄዳ ተራውን ውስኪ በሲንግል ልክ ቀድታ አመጣችለት። ሰውየው ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። እሷስ ምን ታድርግ፣ እዚህ አገር ሲንግል ማለት ልክ ነው፣ ደብል ማለት እጥፉ ነው።

አሁን ሜኑ ላሳትም ነው። ሲንግል ሞልት፣ ብሌንድድ፣ ቦርቦን፣ 12 እና 18 የሚለው ቁጥር፣ ካስክ ስትሬንግዝ ምናምን የሚሉትን አንድ ሰው በሰው ቋንቋ ያስረዳኝ። ተኪላና ሶጁ፣ ሳኬና ራኪ የሚሉም አሉ፣ እሱንም የምታውቁ ጣል አድርጉ። "ኢንተርኔት ላይ ፈልግ" የሚል ሰው እንዳይመልስልኝ። ፈልጌያለሁ። "የቫኒላ፣ የአሮጌ ኮርቻና የባሕር ነፋስ ጠረን አለው" ይላል፣ ይሄን ለደንበኛ ብነግረው ይስቅብኛል።

ዱባይ_የነበርኩት_ባርማን

እንኳን ደስ አላችሁ፣ ንግዱ ይቅናችሁ። ዱባይ ሆቴል ባር ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን ሱልልታ ነኝ። አስተናጋጇን እንዳትቆጧት፣ እዚያም ቢሆን እንግሊዝኛው ውሃ የሆነለት ሰው ሁሉ ይሄን አያውቀውም።

ጠርሙስ ላይ የሚጻፉት ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ሕግ አላቸው፣ ያለቦታቸው ከተጻፉ አምራቹ ይጠየቃል። ሌሎቹ ጌጥ ናቸው። "ስፔሻል"፣ "ፕሪሚየም"፣ "ሪዘርቭ"፣ "ስሞል ባች" ሲልህ ጌጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ማንም የፈለገውን ማለት ይችላል። የኛ ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚከፍለው ለጌጡ ነው። አንተ ሕግ ያላቸውን ቃላት ብቻ ከያዝክ ይበቃሃል፣ ብዙም አይደሉም።

ሞልት ማለት ብቅል ነው። በቃ፣ ብቅል። እናትህ ለጠላ የምታበቅለው ገብስ። ሲንግል ማለት ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት ስትል ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ፣ በመዳብ ድስት የወጣ ውስኪ ነው። ከአንድ በርሜል ማለት አይደለም፣ ፋብሪካው የራሱን ብዙ በርሜሎች ቀላቅሎ ቢሞላው ያው ሲንግል ሞልት ነው። ከአንድ በርሜል ብቻ የተቀዳ ሲሆን "ሲንግል ካስክ" ይባላል፣ አሜሪካኖቹ "ሲንግል ባረል" ይሉታል። ግሌንፊዲክ፣ ግሌንሊቬት፣ ማካለን ሲንግል ሞልት ናቸው።

ብሌንድድ ሲባል ሰው ውሃ የገባበት ወይ የተበረዘ ይመስለዋል። አይደለም። የብቅሉ ውስኪ ከግሬይን ውስኪ ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ግሬይን ውስኪ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ፣ እንደ ማማ በቆመ ረጅም ማሽን ያለማቋረጥ የሚወጣ ነው፣ ጣዕሙ ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ጆኒ ዎከር ሬድም ብላክም፣ ሺቫስም፣ ባላንታይንም ብሌንድድ ናቸው። በዓለም ላይ የሚጠጣው የስኮትላንድ ውስኪ አብዛኛው ይሄው ነው። ብሌንድድ የሚቀላቅለው ሰው ደግሞ ቀላል ባለሙያ እንዳይመስልህ፣ በየዓመቱ ባሕርዩን ከሚቀያይር በርሜል ሁሌ አንድ ዓይነት ጣዕም ማውጣት አለበት። አንዳንዱ ሲንግል ሞልት ከብላክ ሌብል ያንሳል፣ ይሄን ስል የሚሰድበኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ቁጥሩ፦ 12 ከተባለ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ሁሉ ትንሹ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። የ20 ዓመት ውስኪ ላይ አንድ ጠብታ የ5 ዓመት ከጨመርክበት ሌብሉ ላይ መጻፍ የምትችለው 5 ነው። ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው በርሜል ውስጥ እያለ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ አያረጅም። አጎትህ በደርግ ጊዜ ገዝቶ ቁምሳጥን ውስጥ የቆለፈበት 12 ዛሬም 12 ነው። ቁጥር የሌለውም ቢሆን ስኮትላንድ ከሆነ ከ3 ዓመት አያንስም፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንባቸው በኦክ በርሜል፣ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ቢያንስ 3 ዓመት ይላል። ጥንካሬው ከ40 በመቶ አይወርድም። ከውሃና ቀለም ለማስተካከል ከሚገባው ካራሜል በቀር ምንም አይጨመርበትም።

ካስክ ስትሬንግዝ ማለት ከበርሜል ሲወጣ ውሃ ሳይቀላቀልበት የታሸገ ነው፣ ብዙዎቹ ከ55 እስከ 60 በመቶ ናቸው። ይሄን በደረቁ ደብል የሚያዝ ሰው ካጋጠመህ መኪና ይዞ መምጣቱን ጠይቀው።

ቦርቦኑን ማታ እመለስበታለሁ፣ ሥራ ልገባ ነው።

ሰላሌ_ነኝ

አንብቤ አንብቤ የገባኝ ነገር ቢኖር ይሄ አረቄ መሆኑ ነው! ብቅል አለ፣ ይቦካል፣ ድስት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። እኛ ቤት ድፍድፉ ከብቅልና ከጌሾ ይደፈደፋል፣ እንስራው ይጣዳል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል፣ በሸምበቆው ይወርዳል። አንዴ ከወጣ ተራ፣ ተመልሶ ከወጣ ዳግም። ልዩነቱ እነሱ በርሜል ገዝተው አስቀመጡት፣ እኛ ደግሞ እስኪበርድ እንኳ አንታገስም። ታዲያ እነሱ በሺዎች ብር ሲሸጡት እኛ በመለኪያ የምንሸጠው ምን አድርገን ነው?

የጓዳ_ኬሚስት

ሰላሌ፣ ወንድሜ፣ ከግማሽ በላይ ልክ ነህ። የስኮትላንዱም ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ድስት ደካማውን ያወጣል፣ ሁለተኛው 70 በመቶ ገደማ የሆነ ንጹሕ ፈሳሽ ይሰጣል። ያ ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ውስኪ ቀለሙን የሚያገኘው ከእንጨቱ ነው፣ ከጣዕሙም ብዙውን። በርሜሉ ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል ወይም ይከስላል፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው ነገር ሲሰበር ቫኒሊን የሚባለውን ይሰጣል። ለገጣፎ የሳቀበት "የቫኒላ ጠረን" ውሸት አይደለም፣ ቫኒላ ውስጥ ያለው ራሱ ንጥረ ነገር ነው። ኮርቻውን ግን እኔም አላሸተትኩትም።

ጌሾ እነሱ ጋ የለም። እርሾ ብቻ ነው።

የሚለያችሁ ዋናው ነገር ግን በርሜሉ ብቻ አይደለም። ሲወጣ መቁረጥ የሚባል ሥራ አለ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበውና መጨረሻ ላይ የሚመጣው ለብቻ ይያዛል፣ ለውስኪ የሚያልፈው መሀሉ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው እንደ ቀለም ማቅጠኛ ይሸታል፣ መጨረሻው እርጥብ ጨርቅ ጨርቅ ይላል። ጎበዝ አረቄ አውጪ እናቶች ይሄን በአፍንጫቸው ያውቁታል፣ ሁሉም ግን አይጥሉትም፣ ምክንያቱም የሚጣለው ገንዘብ ነው። ጥንካሬውም ከቤት ቤት ይለያያል። ተራው በአማካይ 34 በመቶ አካባቢ፣ ዳግሙ 45 ገደማ ሆኖ ተለክቷል፣ ሰው ግን ሁለቱንም በዚያው መለኪያ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጨልጠው።

በርሜል ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ይቀንሳል። ስኮትላንድ ውስጥ በዓመት 2 በመቶ ያህል በእንጨቱ ቀዳዳ እየተነነ ይጠፋል፣ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ሙቀት ባለበት አገር፣ ለምሳሌ ህንድ ባንጋሎር፣ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ 18 ዓመት የቆየ ውስኪ ውድ የሚሆነው ለስሙ ብቻ አይደለም፣ ሲሶው ገደማ አየር ላይ ቀርቷል።

ሰላሌ_ነኝ

መላእክቱ ሰላሌ ቢመጡ ይጠግቡ ነበር።

አያት_49

ፒት የሚባለውስ? አንድ ጓደኛዬ ቤት የቀመስኩት ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። የተበላሸ መስሎኝ ልደፋው ነበር።

ዱባይ_የነበርኩት_ባርማን

አልተበላሸም፣ እንዲያውም ውድ ነው። ፒት ረግረግ ቦታ ላይ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል ነው፣ ተቆርጦ ደርቆ ይነዳል። እንጨት በሌለበት ደሴት ማገዶው እሱ ነበር። እርጥቡን ብቅል በጭሱ ሲያደርቁት ጭሱ ብቅሉ ውስጥ ይቀራል። የአይላ ደሴት ውስኪዎች፣ ላፍሮይግ፣ አርድቤግ፣ ላጋቩሊን፣ በዚህ የታወቁ ናቸው። ለኛ ሰው ይከብዳል ይላሉ፣ እኔ ግን አላምንም። ጠላ የምንጠጣው እንስራውን በወይራ አጥነን አይደል? ጢስ ያለበት መጠጥ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለወይራ ጠላ ወዳጅ አንዴ በትንሹ አቅምሰው፣ ሌላ ይጠይቅሃል።

አሁን ቦርቦን። ይሄ የአሜሪካ ነው። ሕጉ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ይሁን፣ የሚቀመጥበትም አዲስና ውስጡ የከሰለ የኦክ በርሜል ይሁን ይላል። በቆሎው ያጣፍጠዋል፣ አዲሱ በርሜል ቫኒላውንና ካራሜሉን ያበዛበታል። ብዙ ሰው ኬንታኪ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል፣ አብዛኛው እዚያ ቢሠራም ሕጉ አሜሪካ ውስጥ የትም ይፈቅዳል። "ስትሬት" ካለ ቢያንስ 2 ዓመት ቆይቷል። "ቦትልድ ኢን ቦንድ" ካለ ደግሞ ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ሕግ ነው፣ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ወቅት ምርት፣ ቢያንስ 4 ዓመት፣ ልክ 50 በመቶ። ያኔ ነጋዴው ጥሬ አልኮል ላይ ቀለምና ትምባሆ ሳይቀር እየጨመረ ውስኪ ነው ብሎ ይሸጥ ስለነበር መንግሥት ዋስትና ለመስጠት ያወጣው ነው። ሌብሉ ላይ "100 ፕሩፍ" የሚል ካየህ አትደንግጥ፣ በአሜሪካ አቆጣጠር ለሁለት አካፍለው፣ 50 በመቶ ነው።

አንድ ጊዜ የተጠቀሙበትን በርሜል ለቦርቦን መድገም ስለማይቻል አሮጌው በርሜል ወደ ስኮትላንድ ይሄዳል። ሌብል ላይ "ቦርቦን ካስክ" ሲል ይሄ ነው። "ሼሪ ካስክ" ሲል ደግሞ ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን የነበረበት በርሜል ነው፣ ዘቢብና ቴምር የሚመስል ጣዕም ይሰጣል።

ጃክ ዳንኤልን ቦርቦን ነው ብለህ ሜኑ ላይ አትጻፍ፣ አሜሪካ የኖረ ደንበኛ ያርምሃል። ቴነሲ ውስኪ ነው። በርሜል ከመግባቱ በፊት ሜፕል ከሚባል ዛፍ በተሠራ ከሰል ውስጥ ተንጠባጥቦ ያልፋል። ለጃክ ዳንኤል ሙያውን ያስተማረው ኒረስት ግሪን የሚባል በባርነት የነበረ ጥቁር ሰው ነው፣ ስሙ ለረጅም ጊዜ ተዳፍኖ ቆይቶ ነው የወጣው። የሚገርመው ፋብሪካው ያለበት ሙር ካውንቲ ራሱ አልኮል እንደልብ የማይሸጥበት ነው።

ጄምሰን የአየርላንድ ነው፣ ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ ለዚህ ነው የሚለሰልሰው። ጉሮሮው ለማይችል ጀማሪ እሱን ስጠው።

አያት_49

ውስኪን በኮካ መጠጣት ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ በኮካ ነው የምወደው፣ ምን ትላላችሁ?

የጓዳ_ኬሚስት

በገንዘብህ። ብሌንድድ ከሆነ ምንም አይልም። የ18 ዓመቱን በኮካ ካልክ ግን የከፈልክበትን ነገር በስኳር ሸፈንከው፣ ያሳዝናል።

ውሃ ጠብ ማድረግ ግን ይረዳል፣ ይሄ ወሬ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር አስመስለው እንዳሳዩት ጓያኮል የሚባለው ጭስ ጭስ የሚለው ንጥረ ነገር ጠንካራ አልኮል ውስጥ ሲሆን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ሲጨመርበት ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል። አፍንጫህ የሚያገኘው ያኔ ነው። በረዶ ግን ሌላ ነው፣ ያቀዘቅዘውና ጠረኑን ያፍነዋል። ለሙቀት ጥሩ፣ ለመቅመስ መጥፎ።

ዱባይ_የነበርኩት_ባርማን

ጃፓኖች ሃይቦል የሚሉት አለ፣ ውስኪ በብዙ በረዶና በሶዳ ውሃ። እኔ በአምቦ ውሃ እሠራዋለሁ። አንድ እጅ ብሌንድድ፣ ሦስት እጅ አምቦ፣ ሎሚ ልጣጭ። ከጥብስ ጋር ይሄዳል፣ ሰውም ቶሎ አይሰክርብህም። ለገጣፎ፣ ይሄን ሜኑህ ላይ አስገባ፣ ዘመናዊም ይመስላል፣ ትርፉም ጥሩ ነው።

ጃፓን ስል፦ ውስኪን የተማሩት ከስኮትላንድ ነው። ታኬትሱሩ የሚባል ሰው እዚያ ሄዶ ተምሮ ተመለሰ፣ ቶሪ የሚባለው ነጋዴ በ1923 እ.ኤ.አ. ያማዛኪን መሠረተ። ዛሬ ያማዛኪ ሲባል ዋጋውን ሰምተህ ተቀመጥ። ግን ለረጅም ጊዜ ሕጋቸው ልል ስለነበር ከውጭ የመጣ ውስኪ እዚያ ታሽጎ "የጃፓን" ይባል ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የአምራቾች ማኅበሩ መስፈርት አወጣ፣ እዚያው ወጥቶ እዚያው ቢያንስ 3 ዓመት ይቀመጥ የሚል።

ሴኡል_የተማርኩ

ስለ ኮሪያና አካባቢው እኔ ልጨምር፣ እዚያ ስማር በየሳምንቱ የግድ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ራሱ ይጋብዛል።

ሶጁ በአረንጓዴ ጠርሙስ የሚሸጠው ጥሬ አልኮል በውሃ ቀጥኖ፣ ማጣፈጫ ገብቶበት ነው። ከ20 በመቶ በታች ነው፣ ስለዚህ ውሃ መስሎህ ትቀጥላለህ፣ በማግስቱ አንጎበሩ አልጋ ላይ ያስቀርሃል። ጥንታዊው ሶጁ ግን ከሩዝ የሚወጣ፣ 45 በመቶ የሚደርስ ነው፣ የአንዶንግ ከተማ በሱ ትታወቃለች። ሁለቱ በስም እንጂ በምንም አይገናኙም። ማኮሊ ደግሞ የሩዝ ጠላ በለው፣ ያልተጣራ፣ ነጭ፣ ጉሽ የሆነ፣ በጎድጓዳ ሳህን ይጠጣል። የሀገሬ ጉሽ ሲናፍቀኝ እሱን ነበር የምጠጣው።

ሥርዓታቸው የኛን ይመስላል። ለታላቅ የሚቀዳው በሁለት እጅ ነው። ታላቅ ሲቀዳልህም በሁለት እጅ ትቀበላለህ፣ ስትጠጣ ፊትህን ዘወር ታደርጋለህ። ለራስህ አትቀዳም። እኔ ቤት በተማርኩት ስቀበል "ይሄ ልጅ ጨዋ ነው" ብለው ወደዱኝ።

ሳኬ የጃፓን ነው፣ ከሩዝ ይጠመቃል፣ አይወጣም፣ 15 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ መለኪያ ላይ ቀድታችሁ እንደ አረቄ ጨልጡ አትበሉት፣ እንደ ወይን ነው የሚጠጣው። የሚወጣው ሾቹ ይባላል። ቻይናዎቹ ባይጁ አላቸው፣ ዋናው እህሉ ማሽላ ነው። ማውታይ የሚባለው ዝነኛው 53 በመቶ ነው። ዱከም ካለው የኢንዱስትሪ ዞን የሚመጡ ቻይናውያን ደንበኞች ካሏችሁ አንድ ጠርሙስ ያዙ። ጠረኑ ግን ለጀማሪ ከባድ ነው፣ በጣም የበሰለ ፍራፍሬና አኩሪ አተር አንድ ላይ ይላል። "ጋንቤ" ካሉህ ብርጭቆውን ባዶ አድርግ ማለታቸው ነው።

ሰበታ_ጡረተኛ

ልጆቼ፣ ኡዞን ረሳችሁት። በኛ ጊዜ የአዲስ አበባ ግሪኮችና አርመኖች ያስለመዱን ነው፣ የኛ ፋብሪካዎችም ኡዞ ብለው ያመርታሉ። እኔ በውሃ ነበር የምወስደው፣ ወተት ይመስላል። ቱርኮች ራኪ፣ ሊባኖሶች አረቅ የሚሉትም ያው አኒስ ያለበት ነው። የቱርኩን "የአንበሳ ወተት" ይሉታል። ነጭ የሚሆንበትን ምክንያት ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

የጓዳ_ኬሚስት

ጋሼ፣ አኒሱ ውስጥ አኔቶል የሚባል ዘይት አለ። አልኮል ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ውሃ ሲበዛ ዘይቱ በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ይለያል፣ ብርሃን ሲመታው ነጭ ሆኖ ይታያል። የፎርጅድ መለያ አይደለም ግን፣ አኒስ የገባበት ሁሉ ነጭ ይሆናል።

ፎርጅድ ካነሳን ለገጣፎ አንድ ነገር ልንገርህ። ውስኪ የምትገዛውን ከማይታወቅ ሰው፣ ያለ ደረሰኝ አትግዛ። አንዳንድ ቦታ ባዶ ጠርሙስ የሚሰበስቡ አሉ፣ ሞልተው ይሸጡታል። በስኳርና በቀለም ቢሆን ጥሩ፣ የኢንዱስትሪ ሜታኖል ከገባበት ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፣ ሲቀምሱትም ከተራው አልኮል አይለይም። ያለቁ ጠርሙሶችህን ሳትሰብር ወይም ሌብሉን ሳትቀድ አትጣል። ክዳኑን፣ ማኅተሙን፣ የሙላቱን ልክ ሲመጣ ራስህ እይ። ዋጋው በጣም ከቀነሰ ምክንያት አለው።

ሞያሌ_መስመር

እኔ የጭነት ሹፌር ነኝ፣ ኬንያ እመላለሳለሁ። ቻንጋ የሚባል አረቄ አላቸው። ድሮ ክልክል ነበር፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕጉ ተቀየረና በፈቃድ ይቻላል ተባለ፣ ግን ጓሮ የሚወጣው ዛሬም አለ፣ በተበከለ የሞተው ሰው ብዙ ነው። ሙራቲና የሚሉትን ብትቀምሱ ግን ጠጅ ነው ትላላችሁ። ከማር ነው፣ ጌሾ የለበትም፣ በሱ ፈንታ እንደ ቋሊማ የሚንጠለጠል የዛፍ ፍሬ አድርቀው ይጨምሩበታል። ኡጋንዳ ዋራጊ አለ፣ ታንዛኒያ ኮንያጊ። አስመራ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ጠላውን ሱዋ፣ ጠጁን ሜስ ይላሉ፣ እሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስነዳ አልጠጣም፣ ያንን እንዳትጠይቁኝ።

አያት_49

ተኪላውን ማን ይውሰደው?

ዱባይ_የነበርኩት_ባርማን

እኔ። ተኪላ ሰማያዊ አጋቬ ከሚባል፣ ቃጫ የሚመስል ተክል ነው፣ በዋናነት ሃሊስኮ በሚባል የሜክሲኮ ግዛት። የሚጋገረው ቅጠሉ አይደለም፣ መሀሉ ላይ ያለው ትልቅ ልብ ነው። ሌብሉ ላይ የምታየው አንድ ነገር ነው፣ "100 በመቶ አጋቬ" ይላል ወይስ አይልም። ካላለ እስከ 49 በመቶ የሚሆነው ስኳር ከሌላ ነገር ሊመጣ ይችላል፣ ያ ነው በማግስቱ ግንባርህን የሚይዝህ እላለሁ፣ ባርማኖች ሁሉ እንደዚያ ነው የምናምነው። ብላንኮ ያልቆየ ነው። ሬፖሳዶ ቢያንስ 2 ወር፣ አኜሆ ቢያንስ 1 ዓመት በርሜል የገባ። ጨውና ሎሚው ርካሹን ለማለፍ ነው፣ ጥሩው አያስፈልገውም። ሜዝካል ደግሞ አጋቬውን መሬት ቆፍረው በጋለ ድንጋይ ስለሚያበስሉት ይጨሳል።

ብራዚሎች ካሻሳ፣ ከሸንኮራ ጭማቂ። ፔሩዎች ፒስኮ፣ ከወይን። ጣልያን ግራፓ፣ ከወይን ጭማቂ በኋላ ከሚቀረው ልጣጭና ፍሬ። እነዚህን እዚህ የሚጠይቅህ ሰው ብዙ የለም፣ መደርደሪያ ላይ ገንዘብ አታሳስር።

ለገጣፎ_ዳር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከጠበቅኩት በላይ ነው። ወንድሜ "ይሄን ሁሉ ማን ያስታውሳል" ብሎ ተቆጥቷል፣ እኔ ግን አንድ ገጽ አድርጌ ለአስተናጋጆቹ ልሰጥ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሲንግል ስንት ሚሊ ነው? ቤቱ ውስጥ ያለው መለኪያ ልኩ አይታወቅም። ደግሞ ጠጅ ሜኑ ላይ ላስገባ ወይስ ባሩን ያረክሰዋል? ወንድሜ አይሆንም እያለ ነው።

ሰላሌ_ነኝ

ጠጅ ያረክሰዋል ያለውን ወንድምህን አምጣው እስኪ!

ሴኡል_የተማርኩ

ጠጅ አስገባ፣ በብርሌ ስጠው። ከውጭ የተመለሰው ሰው ውስኪውን እዚያ ጠጥቶታል፣ እዚህ የናፈቀው ጠጁ ነው። ግን ስኳር ያልገባበት፣ ማሩ እውነተኛ የሆነ ጠጅ ጣይ ፈልግ። ውድ ይሆናል፣ ይሁን።

ዱባይ_የነበርኩት_ባርማን

ልኩ አገር ለአገር ይለያያል። እንግሊዝ 25 ወይም 35 ሚሊ ነው፣ ከሁለቱ አንዱን መርጠህ ትለጥፋለህ፣ አሜሪካ 44 ገደማ። እዚህ ቤቱ የፈለገውን ስለሚቀዳ ደንበኛው ሁሌ እንደተሰረቀ ይጠረጥራል። የብረት መለኪያ ግዛ፣ ሚሊው የተጻፈበት፣ ልኩን ሜኑው ላይ ከዋጋው አጠገብ ጻፈው። በ25 ሚሊ 700 ሚሊ ጠርሙስ 28 ሲንግል ይወጣዋል። በዓይን የሚቀዳ አስተናጋጅ ካለህ 22 ላይ ያልቅብሃል፣ ቁጥሩን ማታ ማታ ካየኸው ማን ለጓደኛው እንደሚቀዳም ታውቃለህ። ጠጁን በተመለከተ ከሴኡሉ ልጅ ጋር ነኝ።

ሰበታ_ጡረተኛ

ልጄ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ላይ አለ። መታወቂያ ጠይቁ። ለገጣፎ ዙሪያ የተማሪ ነገር ስላለ ነው የምለው።

ለገጣፎ_ዳር

እሺ ጋሼ፣ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። መለኪያውም ነገ መርካቶ ሄጄ እገዛለሁ። የመጨረሻ፦ የተከፈተ ጠርሙስ ስንት ጊዜ ይቆያል? አንዳንዱ ውድ ውስኪ በወር አንዴ ነው የሚጠየቀው።

የጓዳ_ኬሚስት

አቁመህ አስቀምጠው፣ አታስተኛው፣ ጠንካራ አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ፀሐይ አይንካው፣ መስኮት ዳር ለጌጥ አትደርድር። ከግማሽ በላይ እስካለ ድረስ ለወራት አይነካውም። ታች ሲደርስ ግን ውስጡ አየር ይበዛል፣ ጠረኑ ይሞታል፣ ስለዚህ ሩቡ ሲቀር ቅናሽ አድርገህ ጨርሰው ወይም ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጠው፣ ግን ሌብል ለጥፍበት። ጂንና ቮድካ ብዙም ግድ የላቸውም። ቬርሙት ካለህ ግን እሱ ወይን ነው፣ ከተከፈተ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ በአንድ ሁለት ወር ውስጥ ይለቅ።